ስለ ግራፊክስ ካርድ መለወጥ

ልጅ አባቱን «ለኮምፒዩተሬ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ይግዙልኝ» ብሎ የለመነ እንደ ሆነ፤ አባት እሺ ወይም እምቢ ከማለቱ አስቀድሞ ጨዋታውን የሚያዘገየው በእውነት ካርዱ መሆኑን ቢመረምር መልካም ነው እንላለን።

ምርመራውም ገንዘብ አያስወጣም። በጨዋታው ማስተካከያ ገብቶ ሪዞሉሽኑን ዝቅ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ በሴኮንድ የሚታየው የምስል ቁጥር ከጨመረ ሸክሙ የከበደው በካርዱ ላይ ነው፤ ካልጨመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ፕሮሰሰሩ ስለ ሆነ፤ ካርድ መግዛት የደከመውን በሬ ትቶ ብርቱውን እንደ መለወጥ ይቈጠራል። ስክሪኑም 60 ኸርዝ ከሆነ በሴኮንድ ከ60 ምስል በላይ አያሳይም።

የካርዱ ስም ቁጥር ከፍ ማለቱም ገዢን ያሳስታል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 የወጣው የኤንቪዲያ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲሆን፤ በ2023 በ299 ዶላር የወጣው 4060 ግን ባለ 8 ነው።

ይሁን እንጂ መግዛት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2016 የወጣው 1060 ብዙ ዓመት ያገለገለ ካርድ ነው፤ ዳሩ ግን በ2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታ ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን የብርሃን ስሌት ካርዱ ራሱ እንዲሠራ ስለሚሻ፤ እንዲህ ላለው አሮጌ ካርድ አልተሠራም። ልጁ የሚመኘው ይህን የመሰለውን ከሆነ ልመናው ከንቱ አይደለምና ይፈጸምለት። የሚጫወተው የቆዩትን ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡ በሣጥን ይቆይ።

የሚገዛም ሰው የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ አዲሱን ካርድ የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ይመልከት፤ 3060 እስከ 170 ዋት ሲፈልግ 4060 በ115 ዋት ያህል ይሠራል።