ዜሮ ቀረጥ መጣ ብላችሁ ሰሊጥ አትያዙ

ሰሞኑን ከአሶሳ፣ ከባምባሲና ከካማሺ በውስጥ መስመር የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቻይና ቀረጥ አንስታለች ይባላል፣ ዋጋው እስኪጨምር ሰሊጡን እንያዘው ወይ?»

በዚህ ወሬ ብቻ ተማምኖ መያዝ አያዋጣም ባይ ነኝ።

አንደኛ ነገር ወሬው አዲስ አይደለም። ቻይና ለኢትዮጵያ 98 በመቶ በሚሆኑ የዕቃ ዓይነቶች ላይ ቀረጥ ያነሳችው ከየካቲት 22 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ ነው። ከኅዳር 22 ቀን 2017 ወዲህ ደግሞ ግንኙነት ላላቸው በጣም ያላደጉ አገሮች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ዜሮ አድርጋዋለች። ጥቅም ካለው ዋጋው ውስጥ ከገባ ቆይቷል።

ሁለተኛው ይብሳል፦ ለእኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ታንዛኒያም፣ ሞዛምቢክም፣ ኒጀርም፣ ቶጎም ያው ዜሮ ነው። ሱዳንም ጦርነት ላይ ሆና ከዝርዝሩ አልወጣችም። በሰኔ 2017 ቤጂንግ ዜሮውን ለ53 የአፍሪካ አገሮች እንደምታሰፋ ስታስታውቅ ትልቋ ሰሊጥ ላኪ ናይጄሪያም ገባችበት። የቀረችው ኢስዋቲኒ ናት፣ እሷም ከታይዋን ጋር ስለወገነች። እንግዲህ ቀረጡ የዲፕሎማሲ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ቺንግዳኦ ወደብ ላይ ያለው ገዢ ግን የሚያየው ናሙናና ዋጋ ነው። ሁሉም ነፃ ከገባ ነፃ መግባት ብልጫ አይሆንም።

አሁን ልብ ልንለው የሚገባው ብራዚልን ነው። ሺ ጂንፒንግ በኅዳር 2017 ብራዚሊያ በሄዱ ጊዜ የብራዚል ሰሊጥ ወደ ቻይና እንዲገባ ስምምነት ተፈረመ። ብራዚል የአፍሪካው ዜሮ ቀረጥ የላትም፣ ግን ትወዳደራለች። ማቶ ግሮሶ ላይ አኩሪ አተር ታጭዶ እንደተነሳ በዚያው መሬት ላይ ሰሊጥ ይዘራል፣ በማሽን ይሰበሰባል፣ በብዛትና በአንድ ዓይነት ጥራት ይጫናል። የእኛ ገበሬ በእጅ አጭዶ፣ ነዶ አቁሞ፣ አራግፎ ነው። ከዚያ ሰብሳቢው የሦስት ቀበሌ ሰሊጥ ይደባልቀዋል። አፈርና ድንጋይ ሳይጨመርበት ከደረሰማ ዕድለኛ ነን!

«ድሮ እኮ በኩንታል እንዲህ እንሸጥ ነበር» የሚለውም ያሳስታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት ብዙ ላኪ ሰሊጥ ላይ እየከሰረ ይገዛ የነበረው ዶላሩን ለማግኘት ነው፤ ኪሳራውን በሚያስገባው ዕቃ ያካክሰዋል። ያንን ዋጋ ያወጣው ቻይና አልነበረም፣ የእኛው የዶላር ረሃብ ነው። በዚያ ልክ ተመልሶ ይመጣል ብሎ መጋዘን መቆለፍ ለእኔ አይታየኝም።

ታዲያ በእጃችን ያለው ምንድን ነው? ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ጅቡቲ አለ። የጭነት ዋጋና የመንገዱ ሰላም ከቀረጡ ይልቅ የገበሬውን ዋጋ ይበላሉ። ዩኒየኖች ቢያንስ የማበጠሩን ሥራ እዚያው አሶሳ ቢጨርሱት ለአፈርና ለገለባ ኪራይ አይከፍሉም ነበር። ላኪዎችም ብትሆኑ ዋጋ ሲወጣ ኮንትራት ማፍረሱን ተዉት፤ ገዢው አይረሳም፣ አማራጩም በዝቷል።

ለመያዝ የወሰነ ሁሉንም አይያዝ። የብድሩንና የቤቱን ያህል በኅዳር ይሽጥ፣ የቀረውን ያበጠረና ያደረቀ እንደሆነ ትንሽ ይጠብቅበት። ወለድ እየቆጠረበት ያለ ሰው ግን ምን ይጠብቃል?

አኩሪ አተርንም ለጠየቃችሁ፦ ቻይና በዓመት 100 ሚሊዮን ቶን ገደማ ታስገባለች፣ አንዱ መርከብ ብቻ 60 ሺህ ቶን ይጭናል። ከአሜሪካ ጋር በተጣላች ቁጥር ወደ ብራዚል እንጂ ወደ እኛ አልዞረችም። ለአሶሳ አኩሪ አተር የአገር ውስጥ ዘይት ፋብሪካዎችን ዋጋ ተከታተሉ።