የግብይት ትምህርት ከገበያው እንዳይርቅ

ሰንጋ ተራ የሚለው ስም የገበያ ስም ነው። ሰንጋ የሰባ በሬ፣ ተራም አንድ ዓይነት ሸቀጥ ተሰብስቦ የሚሸጥበት ስፍራ መሆኑን ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ዛሬ በዚያ ሰፈር በሬ የሚጎትት ሰው አይታይም፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትና የሌሎችም ባንኮች ፎቆች አካባቢውን ይዘውታል። ከበሬው ዘመን ወደ ባንኩ ዘመን በተደረገው ጉዞ መካከል ግን አንድ የማይረሳ ትምህርት ቤት አለ። ይኸውም በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ኋላም ኮሌጅ ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተጠቃለለው፣ ሰው ሁሉ «ኮሜርስ» እያለ የሚጠራው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ለብዙ ዓመታት በሰንጋ ተራ ሲያስተምር ኖሯል። በመጀመሪያው ዘመን የሚታወቀው በታይፕ፣ በሒሳብ መዝገብ አያያዝና በጸሐፊነት ትምህርት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ተማሪዎቹ ማርኬቲንግ የሚሉት የግብይት ትምህርት ራሱን ችሎ የሚሰጥበት ሆኗል። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚሁ ትምህርት ነው።

አንድ ወጣት ግብይት እማራለሁ ሲል ብዙው ሰው የሚመስለው ማስታወቂያ መለጠፍና ምላስን ማሳመር ሊማር ነው። አንዳንዱም «ለመሸጥ ኮሌጅ መግባት ምን ያስፈልጋል?» ይላል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። የመሸጥ ሥራ የሚጀምረው ዕቃው ከተሠራ በኋላ ሲሆን፣ የግብይት ሥራ ግን ዕቃው ከመሠራቱ አስቀድሞ ይጀምራል፤ ገዢው ማን ነው፣ ምን ቸግሮታል፣ ስንት መክፈል ይችላል፣ በየት በኩል ያገኘዋል ብሎ መጠየቅ ነውና። ጀሮም ማካርቲ የተባለ አሜሪካዊ መምህር በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ በአራት ቃላት ሰብስቦ አቀረበው፤ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ የሚሉት ናቸው። በእንግሊዝኛ አራቱም በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ለተማሪ አእምሮ ይመቻሉ። ለፈተናም ይመቻሉ፤ ሥጋታችንም የሚነሣው ከዚሁ ላይ ነው።

አራቱን ቃላት በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሞልቷል። ነገር ግን ከግቢው በር ወጥቶ በጉልት ተቀምጣ ቲማቲም የምትሸጠውን ሴት ሥራ ልብ ብሎ ያየ ስንት ነው? እርሷ የምትሸጠው በመደብ ነው። የቲማቲም ዋጋ ሲወደድባት የመደቡን ዋጋ ከፍ ከማድረግ ይልቅ ከመደቡ ላይ አንድ ፍሬ ታነሣለች፤ ገዢዋ የለመደው ዋጋ ሲነካ እንደሚደነግጥ ታውቃለችና። ደንበኛዋ ለሆነ ሰው ደግሞ ምርቃት ትጨምራለች፤ ያቺ አንዲት ፍሬ ለነገ የምትመልሰው ገዢ መያዣ ናት። ይህን የዋጋ አወጣጥና የደንበኛ አያያዝ ዘዴ ተማሪው በክፍሉ ውስጥ በባዕድ አገር ሱቅ ምሳሌ ይማረዋል፤ በራሱ ደጃፍ ያለውን ግን ትምህርት ነው ብሎ አይቆጥረውም። እኛ የውጭው መጽሐፍ ይቅር አንልም። መጽሐፉ ለጉልቷ ሴት ሥራ ስም ሰጥቶታል፤ ስም ያለው ነገርም ይነጻጸራል፣ ይለካል፣ ለሌላው ይተላለፋል። የምንለው መጽሐፉና ጉልቱ ይገናኙ ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። የኮሌጅ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው የገዢን አሳብ ለማወቅ የሚያዘጋጀውን መጠይቅ በእንግሊዝኛ ጽፎ ኋላ ወደ አማርኛ ሲመልሰው፣ ጥያቄው ነጋዴው በማይናገረው ቋንቋ ይመጣበታል። «በምርቱ ያለዎት የእርካታ ደረጃ» ተብሎ የተጠየቀ ባለሱቅ ምን ብሎ ይመልሳል? አፍሮ «ጥሩ ነው» ይላል፤ ተማሪውም ያንኑ በሰንጠረዥ ያስገባዋል።

ይህ ዕውቀት ለአገር ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ጉዳይ ከሩቅ አንፈልግም። ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት የቡና ስሞቻችን በውጭ አገር ሱቅ ብዙ ገንዘብ ሲያወጡ፣ አምራቹ ገበሬ ግን ከዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ጉዳዩን የያዘው በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነበር። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ የተባለውም ትልቅ ኩባንያ በመጀመሪያ አልተስማማም፤ ክርክሩም በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። በ1999 ዓ.ም. ግን ኩባንያውና መንግሥት ስምምነት ተፈራረሙ። ተማሪዎች አጥብቀው ሊያስተውሉት የሚገባው፣ ኢትዮጵያ በስሞቹ ለሚጠቀሙ ነጋዴዎች ፈቃድ ስትሰጥ ክፍያ አለመጠየቋን ነው። የጠየቀችው ስሙን አክብረው እንዲጠቀሙበትና ለገዢው እንዲያስተዋውቁት ነው። የዛሬን ክፍያ ትቶ የስምን ክብር ማሳደግ፣ ያደገውም ስም ኋላ ዋጋን ይስባል ብሎ ማሰብ፣ የግብይት ትምህርት ዋና አሳብ ነው። ገበሬው እጅ ስንት ደረሰ የሚለው ጥያቄ በዚህ አልተዘጋም፤ ከቡናው ማሳ እስከ ሲኒው ድረስ ብዙ እጅ አለና።

ልብ በሉ፣ ይህን የሠሩት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣት ሹማምንት ግብይትን የነጋዴ ጉዳይ ነው ብለው እንዳይተዉት እንፈልጋለን። ዛሬ በብዙ ቢሮ ባለጉዳይ የሚለው ቃል ቀርቶ ተገልጋይ፣ አልፎ አልፎም ደንበኛ ይባላል። ቃሉ ያማረ ነው። ዳሩ ግን የጉልቷ ደንበኛ ከተከፋ ወደ ሌላዋ ሻጭ ይሄዳል፤ የቢሮው ደንበኛ የት ይሄዳል? መሄጃ የሌለውን ሰው ደንበኛ ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ መሄጃ እንዳለው አድርጎ ማስተናገድ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለማን ነው የምንሠራው፣ የሚፈልገውስ ምንድን ነው የሚለው የግብይት ጥያቄ ከሱቅ ይልቅ በቢሮ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮሌጆቻችን ወጪ የማይጠይቅ አንድ ነገር ቢሞክሩ እንወዳለን። እያንዳንዱ የመጀመሪያ ዓመት የግብይት ተማሪ አንድ ወር ተሰጥቶት አንድ ሸቀጥ ይከተል፤ ሽንኩርት ቢሆን ከመቂ ማሳ ተነሥቶ፣ በሰብሳቢው፣ በደላላውና በጭነት መኪናው በኩል እስከ ኃይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ፣ ከዚያም እስከ ሰፈሩ ጉልት ይድረስ። በየእጁ ስንት ብር እንደ ተጨመረ፣ ለምን እንደ ተጨመረ፣ ስንቱስ በመንገድ እንደ በሰበሰ ሰዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ይጻፍ። መምህሩም ከፈተናው እኩል ነጥብ ይስጠው። ጽሑፉ በመዝገብ ቤት ተቆልፎ እንዳይቀር አንድ ቅጂ ወደ ከተማው ንግድ ቢሮ ይላክ፤ የሽንኩርት ዋጋ ለምን ጨመረ ተብሎ ሲጠየቅ «ደላላ ነው» ብሎ የሚመልሰው ወጣት ባለሥልጣን፣ ደላላው የሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነና ስንት እንደ ወሰደበት ከዚያ ያነባል።