በየሁለት ሰዓቱ

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የአበበ ቢቂላ ቮልስዋገን ተገለበጠች። እስኪነጋ ከውስጧ አልወጣም። ጠዋት ተገኝቶ ክቡር ዘበኛ ሆስፒታል ሲደርስ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ ብሎት ነበር። የሮምን ኦሊምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ፣ የቶኪዮን ደግሞ በትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ማግስት፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ያሸነፈ ሰው ራሱን እንኳ ማዞር አቃተው።

የአበበ ታሪክ ሲነሳ እዚህ ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል። «ያ አደጋ ባይደርስበት ኖሮ» ይባልና ወሬው ይዘጋል። አበበ ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ ከአራት ዓመት በላይ ኖሯል፤ ያ ዘመኑም ከሮምና ከቶኪዮ እኩል ሊወራ ይገባዋል።

በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ፤ ስምንት ወር ታከመ። የሆስፒታሉን የህብለ ሰረሰር ክፍል በ1936 ዓ.ም. የመሠረተው ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው። ያኔ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ተስፋ የተቆረጠበት ነበር፤ ብዙዎቹን የሚገድላቸውም የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። የጉትማን መላ ቀላል ነው፤ በሽተኛውን ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ቀጥሎ ጡንቻውን ማሠራት፣ ከዚያም ስፖርት። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሮም ላይ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ እዚያው ከተማ የጉትማን የዊልቸር ውድድር ተከፍቷል። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው እሱ ነው።

አበበ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ አልተመለሱም።

ኢትዮጵያ ውስጥ «ዳነ ወይ?» ሲባል «ቆሞ ሄደ ወይ?» ማለት ነው፤ በዚያ ሚዛን አበበ አልዳነም። ሆኖም በሐምሌ 1962 በእንግሊዝ የቀስትና የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ገባ። በ1963 ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ፣ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ተወዳድሮ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። እስከ ጥቅምት 1966 ድረስ ለባለቤቱ ለየውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ባል፣ ለአራት ልጆቹ አባት ሆኖ ኖረ። ይህ መዳን ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ዛሬ በመኪና አደጋ አከርካሪው የተጎዳ ሹፌር ወይም ተሳፋሪ እንግሊዝ የሚልከው የለውም። ያሉት እናቱ፣ ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙ ናቸው። አስታማሚ ይባላሉ። ካርድ ክፍል የሚሰለፉት፣ የመድኃኒት ወረቀት ይዘው ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞሩት፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ የሚያመላልሱት፣ ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው የሚጋደሙት እነሱ ናቸው። ጎረቤቱም ብርቱካን ይዞ «እግዚአብሔር ይማርህ» ሊል ይመጣል። በሌላ አገር ደመወዝተኛ የሚሠራውን ሥራ ቤተሰብ ተሸክሞታል።

የሚያሳዝነው፣ አስታማሚዋ በሽተኛውን እንዳያመው ብላ ሳትነካው ታድራለች። ከርኅራኄዋ ብዛት። እሱም ወገቡ ስሜት ስለሌለው «አመመኝ» አይላትም። የአልጋ ቁስሉ የሚታየው አንሶላ ሲቀየር ነው፤ ያኔ ጥልቅ ሆኗል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ማን ነግሯት!

ስለዚህ ሆስፒታሎች በሽተኛውን ከማስወጣታቸው በፊት አስታማሚዋን ግማሽ ሰዓት ያስተምሯት። ሐኪሙ በፈቀደው መንገድ፣ ሁለት ሆነው አንሶላውን ይዘው እንዴት እንደሚያዞሩት፣ ትራሱ በጉልበቶቹ መካከል እንዴት እንደሚገባ፣ ተረከዙና መቀመጫው በየቀኑ እንዴት እንደሚታይ ነርሷ በእጇ ታሳያት። ቤት ሲገቡም ተራው በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ እናት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ወንድም ስምንት ሰዓት፣ እህት አሥር ሰዓት።