ርእሰ አንቀጽ፦ የአውጪዋ ስም የት አለ?

ባለፈው የማኅበራችን በዓል አንዲት የጳውሎስ ሰፈር ልጅ ራስዋ ያወጣችውን ውዝዋዜ አሳየችን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኛ ባባዛነው የፕሮግራም ወረቀት ላይ ግን የዘፋኙ ስም ሲሰፍር የእርስዋ ቀረ።

በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1923 የተቋቋመው የባላገር ጭፈራ ማኅበር እርምጃውን ከነዜማው በመጽሐፍ ስለሚያትም፣ አዲስ ጭፈራ ከአውጪው ስም ጋር ይኖራል። የአዲስ አበባው አዱኛ ቡድን ያፈራው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓናዊው የውዝዋዜ ሊቅ ከሳቡሮ ተሺጋዋራ ዘንድ እንዲማር ተመርጦ ነበር፤ ከመካከላችን ስንቱ ያውቀዋል?

እስክስታን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው ዛሬ ጠይቀን አንደርስበትም፤ የዘመናችንን ግን መጻፍ እንችላለን። ስለዚህ ከሚመጣው በዓል ጀምሮ የአውጪው ስም፣ ቀኑና እርምጃው ተጽፎ በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ እንላለን። ጥፋቱ የእኛ ነውና እርማቱም ከእኛ ይጀምር።