የውሮ ኩፖን

ውሮ የምትባል፣ የስኳር ሕመም ያለባት ድመት አለችኝ። ይህን ስናገር ግማሹ አንባቢ እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ እናቴም ወሬውን ከአዲስ አበባ በስልክ ስትሰማ «ለድመት ደግሞ መርፌ? እግዚኦ!» ነው ያለችው። ሳቁ። ሲበቃችሁ ግን ስለ ኩፖን እናውራ። እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ መድኃኒት በተለጠፈበት ዋጋ የሚገዛው ጊዜ ያጣ ወይም ደንቡን የማያውቅ ሰው ነው፤ ሁለቱም ዓይነት በእኛ ሰፈር ሞልቷል።

ውሮ የምትወጋው ግላርጂን የሚባለውን ኢንሱሊን ነው፤ ሰው የሚወጋውን ያንኑ። የእንስሳት ሐኪሟ ማዘዣ ጽፋ ወደ ሰው ፋርማሲ ላከችን። ፋርማሲው የታካሚዋን ስም፣ የቤተሰብ ስምና የልደት ቀን ጠየቀ። ውሮ በአባቴ ስም ተመዘገበች። በፈረንጆቹ ደንብ ምንም አይደለም፤ በእኛ ደንብ ግን እህቴ ሆና አረፈችው። ስሟ ከነአባቷ ጮክ ተብሎ ሲጠራ አቤት የምለው እኔ ነኝ።

ጨዋታው የሚያልቀው የቅናሽ ካርዱ (ኩፖን የምለው እሱን ነው) ሲወጣ ነው። በነፃ የሚታደለው ካርድ ለእንስሳም ይሠራል ይባላል፤ በብዙ ፋርማሲ እውነትም ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ግን ያዘዘውን ሐኪም ብሔራዊ መለያ ቁጥር ይፈልጋል፤ ያ ቁጥር የሚሰጠው ለሰው ጤና ባለሙያዎች ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም የለውም። ብልሃቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ከገጠማችሁ ያልፋል፤ ካልገጠማችሁ «ሲስተሙ አልተቀበለውም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። የአምራቹ ካርድማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ደቃቁን ጽሑፍ ብታነቡት ለሰው ታካሚ ብቻ ይላል። መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው። ውሮ በቀን 4 ዩኒት ይበቃታል። አንድ ፔን 300 ዩኒት ይይዛል፤ ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ እንዲጣል ማሸጊያው ያዛል፤ ስለዚህ ከግማሽ በላዩ ይባክናል። ኩፖኑ ደግሞ የሚያውቀው አምስት ፔን ያለበትን ካርቶን ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የመርፌው ቅናሽ ነው። በኢንተርኔት ሱቆች የእንስሳት ክፍል ረከስ ብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ባለ 40ው መርፌ ነው፤ በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ለሚይዘው የእንስሳት ኢንሱሊን የተሠራ። የውሮ ኢንሱሊን በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለው። በዚያ መርፌ 2 ብላችሁ የቀዳችሁት 5 ይሆናል፤ ስኳሯ ወርዶ ልትሞት ትችላለች። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ሲባል እንዲህ ያለ ሒሳብ ውስጥ መግባት አያስፈልግም ነበር።

በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኩፖን ስኳር የገዛ አንባቢ ይኖራል። ያ ኩፖን የቤተሰብ ቁጥር አይቶ ነበር የሚታደለው። የአሁኑ የሚያየው ትዕግሥትን ነው። ዋጋው ከላይ ተሰቅሎ ይቀመጣል፤ የሚወርደው ለደወለ፣ ላነበበ፣ ለተከራከረ ብቻ ነው። ሁለት ሥራ እየሠራ የሚያድረው ሰው ሙሉውን ይከፍላል። እኔ ይህን ቅናሽ አልለውም፤ ከደከመው ሰው የሚሰበሰብ ግብር ነው።

ለውሮ በእርግጥ የጠቀማት ካርድ አይደለም። አምራቹ ሳኖፊ ላንተስ የተባለውን ግላርጂን የተለጠፈ ዋጋ ከጥር 2024 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በ78 በመቶ ቀነሰ። ያ ቅናሽ ፎርም አልጠየቀም፤ ታካሚዋ ጭራ አላት ወይ ብሎም አልመረመረም። ዋጋ መቀነስ ማለት ይህ ነው። ለነገሩ እንስሳት በኢንሱሊን ላይ የቆየ ውለታ አላቸው፤ ኢንሱሊንን ያገኙት ተመራማሪዎች ባንቲንግና ቤስት በ1921 ቶሮንቶ ላይ መጀመሪያ የሞከሩት ቆሽታቸው በወጣ ውሾች ላይ ነበር። ፓተንቱንም ከባልደረባቸው ኮሊፕ ጋር በ1923 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በነፍስ ወከፍ በ1 ዶላር ሸጡት።

ሕጉም ሊረዳ ይችል ነበር። የኮንታክት ሌንስ ተጠቃሚ ሳይጠይቅ ማዘዣው በእጁ እንዲሰጠው የአሜሪካ ሕግ ከ2004 ጀምሮ ያስገድዳል። ለእንስሳት ባለቤቶች ተመሳሳይ ረቂቅ ከ2011 ጀምሮ በተደጋጋሚ ለኮንግረስ ቢቀርብም አልጸደቀም።

እስኪጸድቅ ድረስ ውሻም ሆነ ድመት የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ከክሊኒክ ከመውጣታችሁ በፊት ማዘዣውን በጽሑፍ ጠይቁ። ፋርማሲ ስትደርሱ ደግሞ ካርዱን ኪሳችሁ አቆዩትና መጀመሪያ «ያለ ምንም ካርድ ስንት ነው?» በሉ፤ አንዳንዴ ያ ዋጋ ከኩፖኑ ያንሳል።