ማኅተም ከመምታት በፊት ነዋሪውን መጠየቅ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

ስለ ሕዝብ ጥቅም በዚህ ዓምድ ከሚወጡት ደብዳቤዎች መካከል ይህችም ጽሑፌ ቦታ እንድታገኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ስለ ሩቅ የባሕር ዳርቻ ቢመስልም፣ ጉዳዩ የአገራችንን ስም የተሸከመ ከመሆኑም በላይ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ማመልከቻ የምንቀበለውን፣ አስተያየት የምንጽፈውንና ለፊርማ የምናቀርበውን ሠራተኞች ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልወደድሁም።

በጎረቤታችን በኬንያ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር፣ ከሶማሊያ ወሰን ብዙም ሳይርቅ ላሙ የምትባል ደሴት አለች። ከተማዋ ከኮራል ድንጋይና በጨው ውኃ ውስጥ ከሚበቅለው ከማንግሮቭ ዛፍ የተሠራች ጥንታዊት ከተማ ናት። መንገዷ ጠባብ ስለ ሆነ ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያ ነው፤ ሐረር ጀጎልን ያየ ሰው ላሙን ቢያይ ብዙ እንግዳ አይሆንበትም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም ላሙን በ1994 ዓ.ም.፣ ሐረር ጀጎልን ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ አስፍሯቸዋል። የላሙ አካባቢ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በንግድና በዓሣ ማጥመድ ይኖራል። አብዛኛው ዓሣ አጥማጅ ያለው ጀልባ ትንሽ ስለ ሆነ ማዕበሉን ተቋቁሞ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ሊወጣ አይችልም፤ መረቡን የሚጥለው በደሴቶቹ መካከል በሚገኘው ጸጥ ባለ ውኃና በማንግሮቩ ዙሪያ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የኋላው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና።

በዚህ ስፍራ ታላቅ ወደብ እንዲሠራ ታሰበ። የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ለእኛ የዐድዋ ድል በዓል በሚውልበት ዕለት፣ የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በላሙ ተገኝተው ሥራውን በይፋ አስጀመሩ። ፕሮጀክቱ በአጭሩ ላፕሴት ይባላል፤ ስሙም የላሙ ወደብን፣ ደቡብ ሱዳንንና ኢትዮጵያን የሚያገናኝ የትራንስፖርት መስመር ማለት ነው። በዕቅዱ ላይ 32 የመርከብ ማቆሚያዎች፣ አውራ ጎዳና፣ የባቡር ሐዲድና የነዳጅ ቧንቧ ሰፍረዋል። አንደኛው ክንፍ በሞያሌ በኩል ወደ እኛ የሚመጣ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ከተለየች በኋላ የራሳችን የባሕር በር ስለ ሌለን፣ ወጪና ገቢ ዕቃችንም በአብዛኛው በጅቡቲ በር ብቻ ስለሚያልፍ፣ ሁለተኛ በር ሲከፈት ማየት የሚያስደስተን መሆኑ የማይካድ ነው። እኔም በበኩሌ ከሚደሰቱት አንዱ ነኝ።

ዳሩ ግን ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህን የመሰለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አመልካቹ ምን ማቅረብ፣ ፈቃጁም ምን መመርመር እንደሚገባው መመልከት ያስፈልጋል። በኬንያ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ በተመዘገቡ ባለሙያዎች አማካይነት የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ማስጠናት አለበት። በጥናቱም ጊዜ ማስታወቂያ በአካባቢው መለጠፍ፣ በጋዜጣ ማውጣት፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ በራዲዮ ማስነገርና ከሚነካው ሕዝብ ጋር ቢያንስ ሦስት ስብሰባ ማድረግ ይገባዋል። ጥናቱ ተጽፎ ሲያልቅ ለብሔራዊ የአካባቢ አስተዳደር ባለሥልጣን ይቀርባል፤ ባለሥልጣኑም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይልካል፤ ለሕዝብም ገልጦ ተቃውሞ ያለው እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ፈቃዱ የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በውሳኔው የተከፋ ሰው ቢኖርም በ60 ቀን ውስጥ ለአካባቢ ጉዳይ የዳኝነት ጉባኤ አቤት ሊል ይችላል። እንግዲህ በሕጉ ላይ የጎደለ ነገር ብዙ የለም። የጎደለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው።

የላሙ ሰዎች በዚያው ሥራው በተጀመረበት ዓመት ፍርድ ቤት ቀርበው አቤቱታቸውን አሰሙ። አቤቱታቸውም ወደብ አይሠራ የሚል ሳይሆን፣ ሳንጠየቅና ሳይነገረን ኑሯችን የተመሠረተበት ባሕር ተወሰደ የሚል ነበር። ትልልቅ መርከቦች እንዲገቡ የባሕሩ ወለል ሲቆፈር ውኃው ደፈረሰ፤ ማንግሮቩ ተመነጠረ፤ ዓሣው የሚራባበት ስፍራ ተበላሸ። መሬት ለተወሰደበት ገበሬ ካሣ የመክፈል ልማድ አለ። ባሕር ለተወሰደበት ዓሣ አጥማጅ ግን መዝገብ የሚከፍትለት ሹም አልተገኘም፤ ዓሣ አጥማጁ ለባሕሩ ካርታ የለውምና።

ነገሩ ስድስት ዓመት ያህል ከተጓተተ በኋላ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሰጠ። ፍርዱም የሕዝቡ የመሳተፍ መብት፣ በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብትና የባህል መብት ተጥሷል የሚል ነበር። በተጨማሪም ፕሮጀክቱ በጠቅላላው ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ሳይመረመር ቁራጩን ብቻ ለይቶ መመርመር ስሕተት መሆኑን አስረዳ። በባሕሩ የሚጠቀሙት ዓሣ አጥማጆችም ባለ መብት መሆናቸውን አውቆ፣ ወደ 4,600 ለሚሆኑት 1 ቢሊዮን 760 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። ይህ ገንዘብ ቢካፈል ለአንዱ 380 ሺህ ሽልንግ ያህል ይደርሰዋል። ይሁን እንጂ ከፍርዱም በኋላ የካሣው አከፋፈል በይግባኝና በድርድር ለዓመታት ተጓተተ። ልጆቹን በየዕለቱ በሚያጠምደው ዓሣ የሚያሳድግ ሰው እነዚህን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፋቸው መገመት ለማንም አያስቸግርም።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ፍርድ ቤቱ ወደቡ ይፍረስ አለማለቱ ነው። ፈቃዱ እንደገና ታይቶ የጎደለው እንዲሟላ ነው ያዘዘው። ወደቡም ተሠርቶ የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተከፍቷል። ስለዚህ ሕዝብን መጠየቅ ልማትን ይገድላል የሚሉ ሰዎች ይህን ምሳሌ ቢመለከቱ መልካም ነው። የተጠየቀው መጠየቅ በመጀመሪያው ዓመት ቢደረግ ኖሮ ጥቂት ወራትና ጥቂት ወጪ በበቃው ነበር። ሳይደረግ ስለ ቀረ ግን የስድስት ዓመት ክርክርና ከቢሊዮን የሚበልጥ ሽልንግ ካሣ አስከተለ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከወደቡ ጎን ለጎን በዚያው በላሙ አውራጃ ሌላ ማመልከቻ ቀርቦ ነበር። አንድ ኩባንያ 2 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በሚፈጅ ወጪ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫ በባሕሩ ዳር ለመሥራት ጠየቀ። ከሰሉም በመጀመሪያ ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ እንዲመጣ የታሰበ ነበር። ባለሥልጣኑ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ፈቃዱን ሰጠ። ነዋሪዎቹ ግን ወደ ዳኝነት ጉባኤው ሄዱ፤ ጉባኤውም ሰኔ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ፈቃዱን ሰረዘው።

የተሰረዘበት ምክንያት ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ስብሰባ አልተደረገም አልተባለም፤ ተደርጓል። ነገር ግን የተደረገው ጥናቱ ከመጠናቀቁ በፊት ስለ ነበረ ከመተዋወቂያ የሚያልፍ አልነበረም። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ከሰሉ ሲቃጠል የሚቀረው ዐመድ የት እንደሚጣል፣ ማሽኑን አቀዝቅዞ ወደ ባሕሩ የሚመለሰው ሙቅ ውኃ ዓሣውን ምን እንደሚያደርገው ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ቀርቦ አልተነገረውም። ጉባኤው እንዳስረዳው፣ ስለ ነገሩ ያልተነገረው ሰው ተገኝቶ ቢፈርም እንኳ እንደ ተሳተፈ አይቈጠርም። እንዲሁም ኬንያ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያወጣችው ሕግ በጥናቱ ውስጥ በሚገባ አልታየም። በዚህ ምክንያት ያ ሁሉ ጥናት፣ ያ ሁሉ ድካምና የወጣው ገንዘብ ከንቱ ሆነ።

ፈቃዱ ስለ ተሰረዘ ኬንያ በጨለማ ተቀመጠች ማለት አይደለም። ይህ እኛንም ይመለከታል፤ ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የተዘረጋው ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የኤሌክትሪክ መስመር በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ አገራችን በስምምነቱ መሠረት በመጀመሪያው 200 ሜጋ ዋት ለኬንያ መሸጥ ጀምራለች። አንድ ፈቃድ ሲመረመር ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ጉዳቱ ያነሰ ሌላ መንገድ የለምን? የሚለው መሆኑን ይህ ያስታውሰናል።

በዚህ ነገር ላይ ተቃራኒ አሳብ ያላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አሳባቸውም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ደኻ አገር እንደ ሀብታም አገር እያንዳንዱን ነገር እስኪያጣራ ድረስ ሥራ ሊፈታ አይችልም፤ ለጥቂት ሺህ ሰዎች ሲባል የሚሊዮኖች ጥቅም መቅረት የለበትም ይላሉ። መልሴ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የሚጠየቁት ነዋሪዎች የባሕሩን ጠባይ፣ የነፋሱን ወቅት፣ ዓሣው የሚራባበትን ቦታ ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ናቸውና እነርሱን መጠየቅ ለመሐንዲሱም ይጠቅመዋል። ሁለተኛ፣ የሚሊዮኖች ጥቅም በእውነት ትልቅ ከሆነ ከዚያ ላይ ቀንሶ ለጥቂቶቹ ካሣ መክፈል አያቅትም፤ ካሣውን ለመክፈል የማይበቃ ጥቅም ከሆነም መጀመሪያውኑ ጥቅም መባሉ ያጠራጥራል። ሦስተኛ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሥርዐቱን ሳይጠብቅ የተሰጠ ፈቃድ ለአመልካቹም ዋስትና አይሆነውም። በእርግጥ ምርመራው ራሱ መጓተቻና ጉቦ መቀበያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ለዚህ መድኃኒቱ ጊዜውን በሕግ ወስኖ በተወሰነው ቀን ይሆናል ወይም አይሆንም ማለት እንጂ ምርመራውን መዝለል አይደለም።

ወደ ራሳችን ስመለስ፣ ባሕር የለንምና አይመለከተንም የሚል ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ። ጣና፣ ሐዋሳ፣ ዝዋይና ሌሎቹም ሐይቆቻችን ዳርቻ አላቸው፤ በዳርቻቸውም በመረብና በታንኳ የሚኖር ሕዝብ አለ፤ ሆቴል፣ መዝናኛና እርሻ ለመሥራትም ማመልከቻ ይቀርብባቸዋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ሁሉ የአካባቢ ይለፍ መገኘቱን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ፣ የጥናቱም ጽሑፍ ለሕዝብ ተገልጦ የሚነካው ማኅበረሰብ አሳብ እንዲካተትበት ደንግጓል። ቃሉ ከኬንያው ሕግ ጋር ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ የላሙ ዕጣ በእኛም ሐይቆች ላይ እንዳይደርስ የሚያግደው አዋጁ በመደርደሪያ ላይ መቀመጡ ሳይሆን፣ ዶሴውን የያዘው ሠራተኛ መጠየቅ የሚገባውን መጠየቁ ነው።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ይህን አሳብ አቀርባለሁ። እንዲህ ያለ ዶሴ በጠረጴዛችን ላይ ሲመጣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ መያያዙን ብቻ አይተን አንለፈው። ስብሰባው የተደረገው ጥናቱ ካለቀ በኋላ ነውን? በየትኛው ቋንቋ ተነገረ? የተቃወመ ሰው ካለ አሳቡ ተጽፎ መልስ አገኘን? የቦታ ካርታ የሌላቸው ነገር ግን በቦታው የሚኖሩ ሰዎች፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ከብት አጠጪው፣ ደንገል ቆራጩ ተቈጥረዋልን? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በአስተያየታችን ላይ ብንጽፍ አንድ ገጽ አይሞሉም። የበላይ ሹም ቸኩሎ ቢጠይቀንም፣ ይህ ይጐድለዋል ብሎ በትሕትና በጽሑፍ ማስታወቅ አለመታዘዝ አይደለም፤ ይልቁንም ሹሙንና መንግሥትን ከኋላ ጸጸት ማዳን ነው።

የላሙ ወደብ አንድ ቀን የእኛን ቡናና ማዳበሪያ በሰፊው የሚያስተላልፍ በር ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። ሆኖም በስማችን የሚከፈት በር የሌላውን ደኻ ደጅ የሚዘጋ እንዳይሆን፣ ለጎረቤትም ለራሳችንም የምንመኘው አንድ ዓይነት ሥርዐት መሆን አለበት። የማኅተም ዋጋው ከመመታቱ በፊት በተደረገው ምርመራ ይመዘናል።

አክባሪዎ
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ