አረማመድ በተግሣጽ አይቃናም

ሰውን ባረማመዱ መገመት የቆየ ልማዳችን ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመደውን ትጉህ፣ እግሩን የሚጐትተውን ሰነፍ እንላለን። ይህ ፍርድ በማንም ላይ ቢሆን የተሳሳተ ነው፤ ዳውን ሲንድረም ባላቸው ጐልማሶች ላይ ሲወድቅ ግን ግልጥ በደል ይሆናል።

የዚህን ሁኔታ ምልክቶች እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን፣ ምክንያቱ ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞሶም መሆኑ በፓሪስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በአብዛኞቹ ዘንድ ጡንቻው የላላ፣ መገጣጠሚያን የሚይዘውም ጅማት ከልክ በላይ የሚለጠጥ ነው።

ሰው ሲራመድ የሰውነቱ ክብደት ከተረከዙ ተነሥቶ በእግሩ ውጫዊ ጠርዝ በኩል ወደ ጣቶቹ ሥር ያልፋል፤ በመጨረሻም አውራ ጣቱ መሬቱን ገፍቶ ወደ ፊት ይልከዋል። ከእነዚህ ሰዎች በብዙዎቹ ላይ ግን የውስጥ እግራቸው ጐድጓዳ ክፍል ጠፍጣፋ ስለሚሆን ክብደቱ በእግር መካከል ላይ ይጫናል፤ የጣቶቹም ግፊት ይደክማል። ስለዚህ እርምጃቸው አጭርና ዝግ ያለ ነው፤ እግሮቻቸውንም አራርቀው ይረግጣሉ። ይህ ስንፍና ሳይሆን ላለመውደቅ ሰውነት ራሱ ያገኘው ብልሃት ነው። ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከሌላው ሰው የበለጠ ጉልበት ለሚያወጣ ሰው «ቀጥ ብለህ ሂድ!» የሚለው ተግሣጽ ምን ይጠቅመዋል?

«ከዚህ የከበደ ስንት ችግር እያለ ስለ እግር ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ቀድሞ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ ሕክምና በተስፋፋባቸው አገሮች ዕድሜያቸው እስከ 60 ዓመት ገደማ ይደርሳል። ለዚህ ሁሉ ዘመን እግር የሌለው ሰው ሥራ የለውም፤ ገበያም፣ ወዳጅ ቤትም መሄድ አይችልም።

መፍትሔውም ሁልጊዜ ውድ አይደለም። እግራቸው በብዛት አጭርና ሰፊ ስለሆነ፣ በርዝመቱ የተገዛ ጫማ ጐኑን ይጨምቃል፤ በስፋቱ የተገዛው ደግሞ ከፊት ተርፎ ያደናቅፋል። በልክ የተሠራ ጫማ ከመርካቶ ጫማ ሠሪዎች ችሎታ በላይ አይደለም። የእግርን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ባይኖር እንኳ በውሃ የራሰ እግር በወረቀት ላይ የሚተወው አሻራ የእግሩን ጠፍጣፋነት ያሳያል፤ ጠመኔና ሜትርም የእርምጃን ርዝመትና ስፋት ይለካሉ። የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሆነው ይህን ሥራ ቢጀምሩ፣ ማኅበራችንም ወላጆችንና ጫማ ሠሪዎችን ቢያገናኝ ምን ይከለክለናል?

ስንለካ ግን አስቀድመን ባለ እግሩን እናስፈቅድ። 40 ዓመት የሞላውን ሰው «ልጁ» እያልን በወላጁ በኩል ብቻ ማነጋገር ይብቃን። «እርስዎ የት ላይ ያምምዎታል?» ብለን ራሱን እንጠይቅ። አብረን ስንሄድም እርምጃችንን ከእርምጃው ጋር እናስተካክል። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም።